ለግድግዳ የማይሸጥ ኮርቻ

«እኔ ጆንያ ነኝ እንዴ፣ በቅሎ ላይ የምጫነው?» አለች እህቴ ትርንጎ።

«እናትሽ ጆንያ ነበረች? አክስቶችሽስ? ሦስቱንም በዚህ ኮርቻ ላይ አስቀምጬ ነው የዳርኳቸው» አሉ አያታችን አባባ።

«ያን ጊዜ መኪና አልነበረማ!»

«መኪናስ ነበረ። የሚያፍር ሰውም ነበረ።»

«አባባ፣ አሁን እኮ አስፋልቱ እታች ድረስ መጥቷል።»

«እታች ነዋ! እዚህ አይደለም። ከዚህ ደጅ እስከ አስፋልቱ በምን ልትወርጂ ነው? በጸሎት?»

«በእግሬ!»

አባባ ወደ እናቴ ዞሩ። «ሙሽራ በእግሯ! ሰማሽ? በእግሬ አለች እኮ!»

እናቴ ምስር እየለቀመች ነበር። አንገቷን ሳታቀና «ኧረ ተዉ» ትላለች፤ የትኛቸውን እንደሆነ ግን አይታወቅም። አባቴ እንዲህ ያለ ጭቅጭቅ ሲነሳ ከብቶቹን ማየት ትዝ ይለዋል፤ ቀድሞ በረት ገብቷል። እኔ ከጎታው ኋላ ቁጭ ብዬ አንዲት ቃል ሳታመልጠኝ እሰማለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነበር።

«የማገባው ሾፌር ነው፣ አባባ» አለች ትርንጎ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሊማሊሞን በቀን ሁለቴ የሚወርድ የሚወጣ ሰው ነው። የሾፌር ሙሽራ በበቅሎ ስትመጣ ጓደኞቹ ቢያዩ ዕድሜ ልኩን ይስቁበታል።»

«ሊማሊሞን እኔ በበቅሎ ስወርድ የሱ አባት ጡት አልጣለም!»

አባባ ተነሱና ጥግ ላይ ከቆመው እንጨት ኮርቻውን አወረዱ። ቆዳውን በመዳፋቸው ዳበስ አደረጉት።

«ሰው ያልተቀመጠበት ኮርቻ ይሰነጠቃል» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። «ለሚቀመጥበት ሰው እሰጠዋለሁ። ከፊታችን ቅዳሜ ጀምሮ አሮጌ ተራ አወጣዋለሁ። አንቺም ከዚህ ቤት በመኪና በሄድሽ ዕለት እኔ ከዚህ በር አልወጣም። ምርቃቴን እዚሁ ተቀምጬ እመርቅሻለሁ።»

ትርንጎ አለቀሰች። እናቴ ምስሩን አፈሰሰችው። እኔ ደግሞ ከሁሉ በላይ የገረመኝ አንድ ነገር ነበር፦ አባባ ወደ አሮጌ ተራ ሊሄዱ ነው።

ይህ ሁሉ የመጣብኝ ባለፈው ወር ዳባት ውስጥ፣ የቦርሳዬ ማንገቻ ተበጥሶ ጫማ ጠጋኝ ፊት ቁጭ ባልኩበት ሰዓት ነው። ሰውየው አንዲት የዛገች ቆርቆሮ ከፈተና ጣቱን ነክሮ ማንገቻውን ማሸት ጀመረ። ቅቤ ነው። የቆየ ቅቤ፣ ከቆዳ ጋር የተዋሃደ፣ ትንሽ የበቅሎ ላብ ያለበት የሚመስል። «ይበቃል» ብለው ኖሮ ቶሎ ይጨርስልኝ ነበር፤ ግን «ቀስ ብለህ ሥራ፣ አልቸኩልም» አልኩት። የትም አንድ ቦታ ላይ ግማሽ ሰዓት መቀመጥ የማልችል ሰው ነኝ። ያን ቀን ግን ተቀመጥኩ። አባባ ያን በጋ ቅዳሜ ቅዳሜ ማለዳ ኮርቻውን እንደዚያ ነበር የሚያሹት፤ እኔም ቅቤውን ያዥ ነበርኩ።

አሮጌ ተራ ደባርቅ ላይ በጋ የሚወልደው፣ በጋ የሚገድለው ገበያ ነበር። መስቀል አልፎ ዝናቡ ሲቆም፣ ተራራውን ሊያዩ የሚመጡት ፈረንጆች መታየት ሲጀምሩ፣ ከእህል ተራው ማዶ ባሕር ዛፎቹ ሥር ሰዎች አሮጌ ዕቃቸውን እየያዙ ይመጣሉ። የገና በዓል ሲደርስ ይበተናሉ። ሌላ ጊዜ ያ ቦታ የፍየል መዋያ ነው። ገዢዎቹ ፈረንጆች ብቻ አልነበሩም፤ ከጎንደርም ከአዲስ አበባም ሆቴላቸውን በአሮጌ ዕቃ የሚያስጌጡ ሰዎች ይመጡ ነበር።

እዚያ የማይገኝ ነገር አልነበረም። የቀንድ ዋንጫ፣ ብርጭቆው የተሰነጠቀ ፋኖስ፣ የጣሊያን ወታደር ኮዳ፣ ክዳን የሌለው ሙዳይ፣ ከበየዳ በአህያ ተጭኖ የመጣ ሣንዱቅ፣ ሁለት ፊደል የጎደለው የጽሕፈት መኪና፣ ጆሮ ላይ ካልለጠፏት የማትሰማ ሬዲዮ። አንድ ሽማግሌ የማይሠሩ የእጅ ሰዓቶች በክንዳቸው ላይ እስከ ክርን ድረስ ደርድረው ይቆሙ ነበር። ሰዓት ስንት ነው ሲባሉ ፀሐይዋን ቀና ብለው ያያሉ።

የእኛ ጎረቤት እትዬ ዝማም ነበሩ፤ የከሰል ካውያ ሻጭ። መጀመሪያ ሰሞን ካውያዎቻቸውን በአመድና በአሸዋ ፈትገው ፈትገው እንደ መስታወት አድርገው አመጧቸው። ለእንግዳ የቆሸሸ ዕቃ አይሰጥማ! ፈረንጆቹ ግን እያዩ አለፉ። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ አንዱ አስጎብኚ ምክር ሰጣቸው። ከዚያ ወዲያ እትዬ ዝማም ካውያዎቻቸውን በየማታው ጤዛ ላይ ማሳደር ጀመሩ። «ዘንድሮ ዝገት ነው የሚሸጠው» ይሉ ነበር ለአባባ። «ይህን ባውቅ ቤቴን ሙሉ አላጥብም ነበር፤ ስንት ዓመት ሙሉ ሀብቴን በውሃ ሳፈስ ኖሬያለሁ!»

አባባ ኮርቻውን ዝቅ ባለ ድንጋይ ላይ ያስቀምጡታል። ላዩ ላይ ግላሱን ያለብሱታል፤ ግላስ ማለት ያ ዳር ዳሩ በቢጫ ክር የተጠለፈ ቀይ የበዓል ልብስ ነው። ከፊት ለፊት የአንገት ማሰሪያውን ከስድስት ቃጭሎች ጋር ይዘረጉታል። አንዷ ቃጭል ምላስ የላትም። ከዚያ ጋቢያቸውን ተከናንበው ከጎኑ ይቀመጣሉ። ገዢ ሲመጣ የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው።

«በቅሎ አለህ?»

ሰው ይስቃል። አባባ አይስቁም።

«ኮርቻውን እኮ ነው የምጠይቀው፣ አባባ።»

«እኔም ስለ ኮርቻው ነው። በቅሎ አለህ?»

አንድ የበየዳ ገበሬ «አህያ አለኝ» አለ። አባባ ግላሱን አዩ፣ ገበሬውን አዩ። «ተው ልጄ» አሉት በርኅራኄ፣ «አህያህን ሰው ፊት አታሳፍራት።» ከአዲስ አበባ የመጣች ሴት ኮርቻውን ለቡና ቤቷ መቀመጫ ላድርገው ብትል፣ አባባ «ደንበኞችሽ ኮርቻ በጭን መያዝ ይችላሉ?» ብለው ጠየቋት። ነገሩ ዋጋ ላይ ደርሶ አያውቅም። በቅሎ የሌለው ሰው ዋጋ ቢጠይቅ አባባ እንዳልሰሙ ሆነው ቃጭሎቹን ይወለውላሉ።

የእሳቸው በቅሎ ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗት ነበር። ይህን ለማንም አይናገሩም፤ ለገዢ ደግሞ በፍጹም።

እኔ በየቅዳሜው አብሬያቸው የምሄደው ቅቤ ለመያዝ ይመስላቸዋል። እኔ ግን ጠባቂ ነበርኩ። እናቴ አንድ ቀን ለጎረቤት ስትነግር ሰምቻለሁ፦ «አሮጌ የሆነ ነገር ሁሉ ወደዚያ ይወጣል፤ የሚገዛው ደግሞ አይጠፋም።» አሮጌ የሆነ ነገር ሁሉ! ገበያው ላይ ደግሞ አባባን ያህል አሮጌ ነገር አልነበረም። ይባስ ብሎ በሁለተኛው ቅዳሜ አንዲት ፈረንጅ ሴት ፊታቸው በርከክ አለች። ፊታቸውን አየች፤ ግንባራቸውን፣ ነጭ ጢማቸውን፣ እጃቸውን። ከዚያ ለአስጎብኚዋ የሆነ ነገር አለችው።

«ስንት ዓመቱ ነው ትላለች» አለ አስጎብኚው።

«ሰማንያ ሊሆን ነው» አሉ አባባ። ስለ ኮርቻው ነበር የመለሱት፤ ከአባታቸው ነው የወረሱት። እኔ ግን የገባኝ በሌላ ነው።

«በጣም ቆንጆ ነው ትላለች። በደንብ ተይዟል።»

«በየሳምንቱ ቅቤ እቀባዋለሁ» አሉ አባባ።

ይኸን ጊዜ የጋቢያቸውን ጫፍ በሁለት እጄ ያዝኩ። እትዬ ዝማም አይተውኝ ኖሯል፤ ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብለው «ምነው ስንዱ፣ አያትሽን እንዳይወስዱብሽ ፈራሽ? አይዞሽ፣ እሳቸውን የገዛ እኔን በምርቃት ይወስደኛል» አሉ። ሳቁ። እኔ አልሳቅኩም። እትዬ ዝማም ራሳቸውም ለሽያጭ የቀረቡ መሆናቸውን በዚያች ሰዓት አረጋገጥኩ። ለካ ካውያ የያዙት ለሽፋን ነው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሒሳቤ አንድ ብቻ ሆነ፦ ኮርቻው ከተሸጠ አባባም አብረው ይሄዳሉ፤ ስለዚህ ኮርቻው መሸጥ የለበትም። ገዢ ሲመጣ ቅቤውን ኮርቻው ላይ አብዝቼ እለቀልቀው ነበር፣ ልብሱን እንዲያበላሽበት። አባባ ለትርንጎ ሠርግ «ከዚህ በር አልወጣም» ማለታቸውም ለእኔ የምሥራች ነበር። ምነው ዛሬውኑ ቢጀምሩት እል ነበር፤ ከበር ያልወጣ ሰው አይሸጥማ።

አንድ ባለ ቢጫ ጃኬት ሰውዬ የመጣው ኅዳር ውስጥ ነው። ጎንደር ሆቴል አለው። ጨዋ ሰው ነው፤ እጅ ነስቶ ነበር ሰላም ያላቸው።

«በቅሎ አለህ?»

«የለኝም አባቴ፤ ሆቴል ነው ያለኝ።»

«ሆቴልህ ይሰግራል?»

«ግድግዳ ላይ ልሰቅለው ነው። እንግዶች ሲገቡ ፊት ለፊት እንዲያዩት።»

«ግድግዳ ላይ?» አባባ ቀስ ብለው ደገሙት። ወደ እትዬ ዝማም ዞሩ፤ ወደ እኔ ዞሩ፤ ተመልሰው ወደ ሰውዬው። «ግድግዳው የት ሊሄድ ነው?»

ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ለራሴ የሆነ ነገር አጉረመርም ነበር፤ እቤት ስደርስ ሁለት መስመር ሆኖ አገኘሁት። ደብተሬ ላይ ጻፍኩት፤ ግጥም መሆኑን አላውቅም ነበር።

ኮርቻው ግድግዳ ላይ፣ ግድግዳው የት ሊሄድ፣
ምስማር በቅሎ ሆኖ ሊሸኘን ከመንገድ?

ሰውዬው ግን የዋዛ አልነበረም። በሚቀጥለው ቅዳሜ ለአባባ ሁለት ኪሎ ስኳር ይዞ መጣ። አባባ ስኳሩን አመስግነው ተቀበሉና «በቅሎስ?» አሉት። በሦስተኛው ቅዳሜ ስልኩን አወጣና «ይችውና በቅሎዬ» ብሎ ፎቶ አሳያቸው። አባባ ስልኩን ከዓይናቸው አራቁት፣ አቀረቡት፣ ወደ ጎን አዘነበሉት።

«ይህ ፈረስ ነው» አሉና መለሱለት።

እትዬ ዝማም ሳቃቸውን መያዝ አቅቷቸው ካውያ ላይ ወደቁ።

የገና በዓል ሊገባ ሲል፣ የመጨረሻዋ ቅዳሜ ገበያው ሞልቶ ነበር። ትርንጎም ለሠርጓ የሚሆን ነገር ልትሸምት ወጥታለች። ከአባባ ጋር ከጭቅጭቁ ቀን ወዲህ ከሰላምታ ያለፈ አይነጋገሩም፤ በአጠገባችን ስታልፍ ግን ቆም አለች፣ ፋኖስ የምትመርጥ መስላ። ይኸኔ ከእህል ተራው በኩል ሰው ዞር ዞር ማለት ጀመረ። ባለ ቢጫ ጃኬቱ በቅሎ እየሳበ መጣ።

«ይኸው አባቴ! በቅሎ አለህ ወይ ሲሉኝ ከረሙ፤ ይኸው! ከደንቢያ፣ ከወላጆቼ አገር ነው ያስመጣኋት።»

ከዚያ በቅሎዋን አየኋት።

ቀኝ ጆሮዋ ጫፉ ላይ ተተልትሏል። ጥቁር ሆና ሆዷ ሥር እንደ ዘቢብ ቀላ ይላል። ደንቢያ! ይቺማ ዘቢብ ናት፤ የጎረቤታችን የሙላቴ በቅሎ። የፈረንጆችን ጓዝ ጭና ተራራ የምትወጣዋ፣ በየቀኑ ትምህርት ቤት ስሄድ በበሯ የማልፈው። እንኳን ጆሮዋን፣ ጠባይዋን አውቀዋለሁ። ዘቢብ ከፈረንጅ ጋር ብዙ ስለኖረች አንድ ልማድ አላት፤ ካሜራ ሲነሳ ካየች ቀጥ ብላ ትቆማለች። ጆሮዎቿን ታቆማለች፣ ፊቷን ትንሽ ወደ ጎን ታደርጋለች፣ ካሜራው እስኪወርድ ድረስ ጅራፍም አያነቃንቃትም። ሙላቴ በዚህ ነገር ስንት ጊዜ አምርሯል።

አባባ በቅሎዋን ዞሯት። ጥርሷን አዩ፣ ሰኮናዋን አነሱ፣ ጀርባዋን በስንዝር ለኩ።

«ስሟ ማን ነው?» አሉት።

ሰውዬው ጥቂት ዘገየ። «አበባ።»

«አበባ» አሉ አባባ፣ ቃሉን እንደ ጠላ እየቀመሱት። «እሺ። እንጫናት።»

አባባ! ከኋላቸው ጋቢያቸውን ጎተትኩ። አልዞሩም። ድልዳሉን ጀርባዋ ላይ አነጠፉ፣ ኮርቻውን አነሱ፣ ጠፍሩን ከሆዷ ሥር አሳልፈው ሳቡት፤ እጃቸው ከእሳቸው ቀድሞ የሚሄድ ይመስል ነበር። ግላሱን አለበሷት። ቃጭሎቹን አንገቷ ላይ አሰሩ። ከዚያ እርካቡን ያዙለትና «ውጣ» አሉት። ሰውዬው ወጣ። «እስኪ ገበያውን አንድ ጊዜ ዞረህ ና።»

ዘቢብ ተነሳች። እኔ ቃጭሎቹን አንድ በአንድ እንጂ በአንድ ላይ ሰምቻቸው አላውቅም ነበር። ሽማግሌው ሰዓታቸውን ረስተው ቆሙ። ሸማቾች ዘንቢላቸውን ወደ ደረታቸው አስጠግተው መንገድ ለቀቁ፤ ማንም ዞር በሉ አላላቸውም። አንዲት ባልቴት እልል አሉ። በቅሎዋ ላይ ያለው ባለ ቢጫ ጃኬት የሆቴል ሰው መሆኑን ያየ ሰው ያለ አይመስልም፤ ሁሉም የሚያየው ኮርቻውን ነው። ትርንጎ ፋኖሱን በእጇ እንደያዘች ቆማለች።

እኔ ግን ለማየት ጊዜ አልነበረኝም። ዞሮ ሲመለስ አባባ ተሸጡ ማለት ነው። ዙሪያዬን አየሁ። እትዬ ዝማም ፊት ቀይ ጢም ያለው ረጅም ፈረንጅ ካውያ እያገላበጠ ነው፤ ካሜራው አንገቱ ላይ ተንጠልጥሏል። ሮጬ እጅጌውን ያዝኩት።

«ፎቶ! ፎቶ!»

እኔን እንዲያነሳኝ የፈለግኩ መሰለውና ወደ እኔ አነጣጠረ። ክንዱን በሁለት እጄ ይዤ ወደ በቅሎዋ አዞርኩት። «ፎቶ!»

ሳቀና ካሜራውን አነሳ።

ዘቢብ በገበያው መሃል ቀጥ አለች። ጆሮዎቿ ቆሙ። ፊቷን ትንሽ ወደ ጎን አደረገች።

«ሂጂ!» አለ ሰውዬው። ጎኗን በተረከዙ ነካ። «ሂጂ እንጂ! አበባ! ምነው አበባ?»

አበባ የለችም። ፈረንጁ ነገሩ ስለጣመው ተንበርክኮ ያነሳል፣ ዞሮ ያነሳል፤ እሷም እንደ ሐውልት ቆማለች። አንድ ሰው መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ ሌላው። ከእህል ተራው «የሙላቴ ዘቢብ አይደለች እንዴ?» የሚል ድምፅ መጣ። እትዬ ዝማም ካውያቸውን ጥለው ተነሱ።

«ለመሆኑ የደንቢያ በቅሎ ፎቶ መነሳት ከማን ተማረች?»

ገበያው በሳቅ ፈረሰ። ሰውዬውም ራሱ፣ እዚያው ኮርቻው ላይ እንዳለ፣ ፊቱን በእጁ ሸፍኖ ሳቀ። ፈረንጁ ካሜራውን ሲያወርድ ዘቢብ ምንም እንዳልተፈጠረ መንገዷን ቀጠለችና አባባ ፊት መጥታ ቆመች።

«ልጄ» አሉት አባባ፣ እርካቡን ይዘው እያወረዱት። «ውሸትህ መጥፎ ነው። አቀማመጥህ ግን ጥሩ ነው። በቅሎ ግዛና ና።»

«በቅሎ ብገዛ ማን ያበላልኛል፣ አባቴ?»

«ግድግዳው!»

ሰውዬው ከእትዬ ዝማም ሦስት የዛጉ ካውያዎች ገዝቶ፣ ዘቢብን ለሙላቴ ሊመልስ ሄደ። ዝገታቸውን እንዳይጠርግባቸው እትዬ ዝማም አጥብቀው አስጠነቀቁት።

ያን ቀን ወደ ቤት ሦስታችን ነበርን የተመለስነው፤ አባባ ኮርቻውን ተሸክመው፣ ትርንጎ ግላሱን፣ እኔ ቃጭሎቹን።

«አባባ፣ አወቅኳት እኮ!» አልኩ። «እኔ ነኝ ያወቅኳት! በጆሮዋ!»

«ጆሮዋንማ ገና ከእህል ተራው ሲወጣ ነው ያየሁት» አሉ። «ዓይኔ ለምን ተፈጠረ?»

ቆምኩ። «ታዲያ ለምን ጫኑለት?»

ኮርቻውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። «ኮርቻው ጀርባ ካየ ሁለት ዓመቱ» አሉ። «አንድ ጊዜ ሲሄድ ልየው ብዬ ነው።»

ትርንጎ ግላሱን ከአንዱ ክንዷ ወደ ሌላው አዛወረች። ዳገቱ ግማሽ ላይ ስንደርስ ነው የተናገረችው። «አባባ፣ ሰዉ ለምንድነው እንደዚያ መንገድ የለቀቀው? ዞር በሉ ያለው የለም።»

«ባልሽ ጥሩምባ አለው፣ አይዞሽ» አሉ አባባ።

ሳታስበው ሳቀች፤ ከዚያ መሳቋ ቆጫት መሰለኝ ቀድማን ሄደች።

እኔ ግን ያልጨረስኩት ነገር ነበረኝ። «አባባ፣ እንግዲህ ገበያው ከተበተነ እርስዎ አይሸጡም አይደል?»

መጀመሪያ አልገባቸውም። ሲገባቸው ኮርቻውን አውርደው ድንጋይ ላይ ተቀመጡና እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። «እኔን ለሚገዛ ሰው» አሉ ዓይናቸውን በጋቢ እየጠረጉ፣ «መጀመሪያ በቅሎ አለህ ወይ እለዋለሁ።»

ሠርጉ ጥር ላይ ነው፤ ፀሐይዋ ደረቅ፣ ሰማዩ ጠራ ያለ። ግቢው በዳስ ተሸፍኗል። የሙሽራው መኪናዎች ዳገቱን መውጣት ስለማይችሉ እታች አስፋልቱ ላይ ቆመው ጥሩምባቸውን ይነፋሉ። አባባ ቃላቸውን ጠብቀዋል። አዲስ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ጥምጣማቸውን አሳምረው፣ ከኮርቻው አጠገብ እቤት ውስጥ ተቀምጠዋል። ሽማግሌዎች እየገቡ ለመኗቸው። አባቴ እንኳን ከበረት ወጥቶ ለመነ። «ከዚህ ሆኜ እመርቃታለሁ» ነው መልሳቸው። እኔ እግራቸው ሥር ተቀምጬ የጋቢያቸውን ጫፍ ይዣለሁ፤ ከልማድ ነው እንጂ አሁንስ እንደማይሸጡ አውቃለሁ።

በሩ ተከፈተና ትርንጎ ገባች። ነጭ ቀሚሷን ለብሳለች፤ ተረከዘ ረጅም ጫማዋን በእጇ ይዛለች።

«አባባ» አለች፣ «ያ ኮርቻ ተሽጧል?»

«አልተሸጠም።»

«እኔ እፈልገዋለሁ።»

አባባ ቀና አሉ። ፊታቸው ላይ ምንም አይታይም። «በቅሎ አለሽ?»

«አለችኝ። ደጅ ቆማለች።»

«የማን ናት?»

«የሙላቴ ናት» አለች ትርንጎ፣ ሳትዘገይ። «ዘቢብ ናት። እስከ አስፋልቱ ብቻ ተውሼያት ነው።»

«እስከ አስፋልቱ! ለሦስት መቶ እርምጃ ኮርቻ ይጫናል?»

«ለአንድ የገበያ ዙር ጭነው የለም እንዴ? ለማያውቁት ሰው!»

ከታች ጥሩምባው ጮኸ።

«ከአስፋልቱ ወዲያስ?» አሉ፣ ቀስ ብለው። «እኔ ቃል አለብኝ፣ ትርንጎ። በመኪና ስትሄጂ እያየሁ...»

«ከዚህ ቤት የምሄደው በበቅሎ ነው። ከአስፋልቱ ወዲያ ያለውን እርስዎ ከዚህ ሆነው አያዩትም።»

የተተለተለ ጆሮ ከእህል ተራው ማዶ ያዩት አባባ፣ ዓይኖቻቸውን በጋቢያቸው ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረጉ።

«እውነት ነው» አሉ። «ዘንድሮ ዓይኔ በጣም ደክሟል።»

ተነሱ። ግላሱን በትርንጎ ትከሻ ላይ ጣል አደረጉላት፤ ነጩ ቀሚስ ላይ ቀዩ በራ። እሷ ቀድማ ወጣች። አባባ ኮርቻውን በሁለት እጃቸው አንስተው ደረታቸው ላይ አቀፉት፤ የቃጭሎቹን ማሰሪያ አንገታቸው ላይ አጠለቁ። አምስቱ ጮኹ፣ ስድስተኛዋ ዝም አለች። ከበሩ ሲያልፉ እጃቸው ስላልተረፈ በተረከዛቸው ወደ ኋላ ገፉት፣ በሩም ከኋላቸው ገጭ ብሎ ተዘጋ።